በር ሰባት፣ ዙር ሦስት

ሽማግሌው በግድቡ ላይ በሠራባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ውስጥ መዘውር ያለ ሰው እጅ ሲዞር ያየው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ትናንት ነው።

ግድቡ ዘጠኝ የውኃ በሮች አሉት። ከእያንዳንዱ በር በላይ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚይዘው የብረት መዘውር ተተክሏል። ከእያንዳንዱ በር ሥር ደግሞ አንድ ቦይ ተነስቶ ወደ እርሻው ይወርዳል። መዘውሩ አንድ ዙር ሲዞር በሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ሽማግሌው ይህን የሚያውቀው በትከሻው ነው፤ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለውም በዚሁ ሥራ ነው። በሥራ ላይ ያልሆነ መዘውር በሰንሰለት ይታሰራል። የዘጠኙን ሰንሰለቶች ቁልፎች በአንድ ገመድ አስሮ አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ሠራተኛው ሁሉ አባ ቁልፍ ይለዋል።

ትናንት በሁለተኛው በር አጠገብ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። የልጁ ሚስት በግድቡ ጫፍ ካለችው ክፍል ተቀምጣ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ ምልክት ተጫነች። መዘውሩ ዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ቆመ። ከሥሩ ውኃው ነጭ ሆኖ ወጣ። ሽማግሌው እጁን በአፉ ላይ ጫነ። ትከሻው ሥራው ያለ እሱ ሲሠራ የሚያይ ይመስል ቀኙን በግራ እጁ ያዘው።

ምራቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። በሮቹ ላይ ሞተር ከተገጠመ በኋላ የማዘዣውን ገጽ እንድትሠራ የውኃው መሥሪያ ቤት ቀጥሯታል። ገጹ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ። አንዱ ውስጥ የትኛው በር እንደሚከፈት፣ አንዱ ውስጥ መዘውሩ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ አንዱ ውስጥ በሩ ስንት ደቂቃ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይጻፋል። አረንጓዴው ሲነካ ሦስቱ ቁጥሮች ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለበት ከተማ ይሄዳሉ። እዚያ ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር አለ። እሱ ይቀበላቸውና ሞተሩን ያዛል።

«ሄዶ ነው የመጣው?» ብሏት ነበር ትናንት።

«ሄዶ ነው የመጣው፣ አባባ።»

«እዚያ ድረስ?»

«እዚያ ድረስ።»

ከተማው በመኪና አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ሽማግሌው ዞሮ ወደ መንገዱ ተመለከተ። አቧራ እንኳ አልተነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። አጭር፣ ችኩል ሰው ነው፤ ወንበር እያለ ቆሞ የሚያወራ። የዕለቱ ሙከራ በር ሦስትን ሰባት ዙር ከፍቶ ሃያ ደቂቃ ማቆየት ነበር። ሞተሮቹ ነጻ ይሁኑ ብሎ ሰንሰለቶቹ በሙሉ እንዲፈቱ በደብዳቤ አስቀድሞ አዟል።

ስምንት ሰንሰለቶች ተፈትተው በግድግዳው ሥር ተከምረዋል። ሰባተኛው መዘውር እንደታሰረ ነው።

«አባ ቁልፍ፣ ይሄስ?»

«እሱ ይቆይ።»

«ደብዳቤው አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል። ቦይ ሰባት ውስጥ ሰው አለ።»

አለ። ቦይ ሰባት ከደረቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ወለሉ ተሰነጣጥቆ ነበርና አሥራ ሁለት ግንበኞች ታች ወርደው ይጠግኑታል። አለቃቸው የሽማግሌው ልጅ ነው፤ የምራቲቱ ባል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ጭንቅላታቸው የባቄላ ያህል ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ይለቅ ተብሎ ለሙከራው ብለው እንኳ ሥራ አላቆሙም።

«እኛ የምንከፍተው ሦስትን ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ማሽኑ ሰባትን አይነካም።»

«ካልነካው ሰንሰለቱ ምን አደረገው?»

«ይሄ በፋይልዎ ላይ ይጻፋል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይጻፍ።»

ምራቱ በክፍሉ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ገለል ሲል ጠጋ አለችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ስድስት ወር ሙሉ ለዚህ ቀን ነው የደከመችው።

«አባባ፣ አላመኑኝም ማለት ነው?»

«አንቺንማ አምናለሁ።»

«ታዲያ?»

«ውኃውን ነው።»

ከታች የልጁ ድምፅ በቦዩ ግድግዳ እየተላተመ ወጣ። «አባባ! ሰንሰለቱን ታቅፈህ ትተኛለህ አሉ፣ እውነት ነው?» ግንበኞቹ ሳቁ።

«ሲሚንቶህን አቡካ!» አለ ሽማግሌው ቁልቁል።

«ሚስቴን አደራ! በማሽኗ ፊት አታሳፍራት!»

ሽማግሌው ወደ በር ሦስት ሄዶ መዘውሩ አጠገብ ቆመ። ዙሩን ሊቆጥር ነው። ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ መስኮት እጁን አነሳ፤ ምራቱም አረንጓዴውን ተጫነች።

መዘውር ሦስት አልተንቀሳቀሰም።

ሽማግሌው ጠበቀ። አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ያኔ ከግራው በኩል፣ ከሦስት መዘውሮች ማዶ፣ ማጓራት ሰማ። ቀድሞ የሰማው ዓይነት ድምፅ አልነበረም። ብረት አንጀቱ ሲላወስ ነው። ዞሮ አየ። የሰባት ሰንሰለት እንደ ክር ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። ከመዘውሩ ላይ የዝገት ዱቄት እየረገፈ ነው።

ሮጠ። መቼ እንደሮጠ ከዚያ በኋላ ሊያስታውስ አልቻለም፤ ጉልበቱ ከታመመ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሰባተኛው ሞተር ጎን ያለውን ቀዩን የማጥፊያ እጀታ በሁለት እጁ ወደ ታች ጎተተው። ማጓራቱ ቆመ። ሞተሩ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ሰንሰለቱ አሁንም እንደተወጠረ ነበር።

ከታች የግንበኛ ማንኪያ ድንጋይ ላይ ሲጠርግ ይሰማል። ክሽ። ክሽ። አንዱ ግንበኛ እያፏጨ ነው።

የክፍሉ በር ተከፈተና ምራቱ ወጣች። ፊቷ በርቷል። «ተሳካ! ተፈጽሟል ይላል ገጹ! ስንት ዙር ቆጠሩ አባባ?»

ሽማግሌው ሰንሰለቱ ላይ ያኖረውን እጁን አላነሳም።

«ሰባት ነው የተነሳው» አለ።

መጀመሪያ ዙሩን የነገራት መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ የቆመበትን አየች። ሰንሰለቱን አየች። ወደ ብረት አጥሩ ሄዳ ቁልቁል ተመለከተች። ባሏ ጎንበስ ብሎ ስንጥቅ ይሞላ ነበር። ቀና አለና እጁን አውለበለበላት። እሷም አውለበለበች። ከዚያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። «ሞተሩ ነው» አለ። «የሞተሩ ገመድ ተዛውሮ ይሆናል።»

«አይደለም» አለች። «ሞተር ቁጥር አይመርጥም።»

ሽማግሌው እጁን ሰጥቶ አስነሳት። «ነይ አሳዪኝ» አላት።

«ምኑን አባባ?»

«ያዘዝሽውን። የሰማውንም።»

ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ትእዛዝ ይመጣበት የነበረው አሮጌ ጥቁር ስልክ። ሽማግሌው ባርኔጣውን እንዳደረገ ቁጭ አለ። እሷ ቆማ ጻፈች፣ ፈለገች፣ የኮምፒውተሩ ሰሌዳ በፊደል ተሞላ።

«ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ እኔ የጻፍኩት ነው» አለች። «ሦስቱን ቁጥሮች ይዞ ይሄዳል። ይኸው፤ ሦስት፣ ሰባት፣ ሃያ። ልክ ነው የሄደው።»

«ተቀባዩስ?»

«ሰርቨሩ ላይ ያለውን ተቀባይ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው የጻፈው። እኔ ስሙን ጠርቼ እልክለታለሁ እንጂ ውስጡን . . .» አቋረጠችው። ሌላ ገጽ ከፈተች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ድምፅ እያወጣች አነበበች። «መጀመሪያ ዙር። ቀጥሎ በር። ቀጥሎ ደቂቃ።»

ሥራ አስኪያጁ ጠጋ ብሎ መስመሩን አየ።

እሷ መጀመሪያ የላከችው በሩን ነው። ተቀባዩ መጀመሪያ የሚቀበለው ዙሩን ነው። ሦስት ሲመጣለት ሦስት ዙር ብሎ ያዘ፤ ሰባት ሲመጣለት በር ሰባት ብሎ ያዘ። አልዋሸም፣ አልሰነፈም፣ አልተጠራጠረም። የነገሩትን በመጣበት ተራ ፈጸመ፤ ከዚያም ፈጸምኩ አለ።

«ትናንትስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ትናንት ሠርቶ አልነበር?»

«ትናንት በር ሁለትን ሁለት ዙር ነው ያዘዝነው» አለች ቀስ ብላ። «ቢገላበጥም ያው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

ሽማግሌው ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ከፊደሉ አንዱንም አያነበውም። ግን ነገሩ ገባው፤ ገብቶትም ፈራ። አንድ ቀን የሚያስኬድ መንገድ፣ ዓይን እስኪርገበገብ፣ ሦስት ባዶ ቁጥሮች ሮጠው ሄዱ። ማንነታቸውን የሚጠይቃቸው አልነበረም። እነሱም ማን እንደሆኑ አያውቁም። ከኋላቸው ግን አንድ ሐይቅ ሙሉ ውኃ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

ስልኩን አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ። መስመሩ ከተቋረጠ ወር ሆኖታል።

«በዚህ ሲያዙኝ» አለ፣ «የዋናው መሥሪያ ቤት ተረኛ በር ሦስት፣ ዙር ሰባት፣ ደቂቃ ሃያ ይለኛል። ሦስት፣ ሰባት፣ ሃያ ቢለኝ ስልኩን እዘጋበታለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሆንም እዘጋበታለሁ። ከኔ በፊት የነበረው ጠባቂ ነው ያስተማረኝ። ቁጥሩ ስሙን ይዞ ካልመጣ አልቀበልም።»

ምራቱ ቀና ብላ አየችው።

«ይቻላል» አለች። «ሦስቱን በአንድ ጥቅል አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስሙን ጽፎ መላክ ይቻላል። ተቀባዩም በተራ ሳይሆን በስም እየጠራ ያወጣዋል። የትኛውም ቀድሞ ቢገባ ለውጥ የለውም።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አላደረግሽውም?»

አንገቷን ደፋች። «ያጥራል ብዬ ነው።»

«እኔም በወጣትነቴ መዘውሩን በአንድ እጄ ነበር የማዞረው» አለ ሽማግሌው። «ያምራል ብዬ።»

ሳቋ አመለጣት፤ አብሮት እንባዋም አመለጣት። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ወንበሩን ሳበችና መጻፍ ጀመረች።

«ቆይ» አላት። «መልሶስ ያነብልሻል?»

«ምኑን?»

«የሰማውን። ተረኛው ካዘዘኝ በኋላ እኔ ደግሜ አነብለታለሁ። በር ሦስት፣ ዙር ሰባት፣ ደቂቃ ሃያ። እሱ ልክ ካላለኝ መዘውሩን አልነካም። ሠላሳ አንድ ዓመት።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ማየቱን ሽማግሌው ሲያይበት እጁን ደበቀ።

ሁለት ሰዓት ያህል ጻፈች፤ ገጹንም ተቀባዩንም። ሽማግሌው አልተነሳም። ጣቶቿን ሲያይ ዋለ። እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ አያውቅም። ላብ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ግን የምትጽፈው ቃል ብረት ያነሳል። በአንዲት መስመር ላይ ሐይቅ የሚለቅ ወይም የሚያቆም ቃል ተቀምጧል፤ እሷ ደግሞ ያለቀሰ ዓይኗን እያሻሸች አንዱን አጥፍታ ሌላውን ትተክላለች። ይህችን ልጅ በሠርጓ ዕለት ልቅም ያለች ትንሽ ልጅ ብሏት ነበር። አፈረ።

ሲያልቅ ጠጋ እንዲል ጠራችው። ገጹ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች ሞላች። አረንጓዴውን ተጫነች። ሞተር አልተነሳም። በምትኩ ሰሌዳው ላይ ሩቁ ከተማ ድረስ ሄዶ የተመለሰ አንድ መስመር ወጣ። አነበበችለት፦

«በር ሦስት። ዙር ሰባት። ደቂቃ ሃያ። ልክ ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። በክፍሉ ውስጥ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ያየው ሰው አልነበረም።

«የኔን ጥያቄ ጠየቀ» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ አባባ።»

«ልክ» አለው ሰሌዳውን።

«አይሰማዎትም እኮ አባ ቁልፍ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ግን አልሳቀም።

ሽማግሌው ወጥቶ በር ሦስት አጠገብ እስኪቆም ጠበቀችው። ከዚያ ልክ የሚለውን ተጫነች። መዘውር ሦስት ዞረ። አንድ። ሁለት። ሽማግሌው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ሰባት ላይ ቆመ፤ ስምንት ሊል እንኳ አልዳዳውም። በሃያኛው ደቂቃ በሩ ራሱ ወረደ። ሰባተኛው መዘውር በሰንሰለቱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

«አሁን ሰባትንም ይፍቱት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ያዩት አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰው አለበት።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ምራቲቱ ዞረ፤ አግዢኝ እንደማለት ነው። እሷ ግን ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ጠራቻቸው። ገጹ ላይ አራተኛ ሳጥን ጨምራ ነበር። ስሙ ሰንሰለት ነው። በዘጠኙም በሮች አንጻር አለ ወይም የለም ተብሎ ይሞላል።

«ይሄም ከትእዛዙ ጋር በጥቅሉ ውስጥ ይሄዳል» አለች። «አለ ከተባለ ሰርቨሩ አይከፍትም። ይህችን ቃል የሚለውጠው ቁልፉን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ማለፊያ ቃሉን ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ።»

በር ሰባት፣ ዙር ሦስት፣ ደቂቃ ሃያ፣ ሰንሰለት አለ ብላ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ። «አልከፍትም። ሰንሰለት አለ።»

አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ብረት በአንድ ቃል ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ቀን የሚያስኬደውን መንገድ ሄዶ፣ እዚያ ሆኖ አሰረ። ሽማግሌው አንገቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች ዳበሰ።

«ጉድ ነው» አለ። ቆየት ብሎም፣ «ብረቱም ግን ይቆይ» አለ።

በዚያ ቀን የሆነውን ለልጁ አልነገረውም። እሷም አልነገረችውም። ማታ ልጁ ከቦይ ሲወጣ ሲሚንቶ እስከ ቅንድቡ ነበር። «ምነው ሁለታችሁም ፊታችሁ ጠቆረ? ማሽኗ እምቢ አለች እንዴ?» አለ። ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ አልለቀቀችውም። «ኧረ ሰው እያየ ነው» አላት እየሳቀ።

ጥገናው በዘጠነኛው ቀን አለቀ። ግንበኞቹ መሰላሉን ሲወጡ ሽማግሌው ጫፉ ላይ ቆሞ ቆጠራቸው። አሥራ ሁለት። የመጨረሻው ልጁ ነበር፤ መሰላሉንም ስቦ አወጣው። ሽማግሌው ያኔ ቁልፉን ከአንገቱ አውርዶ የሰባትን ሰንሰለት ፈታ፣ መሬት ላይ አኖረው፣ ቀዩንም እጀታ ወደ ላይ መለሰ። ወደ ክፍሉ ሄዶ በአንድ ጣቱ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ የማለፊያ ቃሉን ጻፈ። አለ የሚለውንም የለም አደረገው።

«ስንት ዙር እንሞክረው?» አለች ምራቱ።

«ሦስት» አለ። «ሃያ ደቂቃ።»

ጣቷ አየር ላይ ቆመ። አየችው። ያንኑ ትእዛዝ ነው ያለው፤ የዚያን ቀኑን።

«እንየው» አላት።

ወጥቶ ከልጁ ጎን በብረት አጥሩ ላይ ተደገፈ። ከታች አዲስ የተለሰነው ወለል ነጥቶ ይታያል። ልጁ የዚያን ቀን ሲሠራበት የነበረውን ስፍራ ለምልክት የተተከለ የእንጨት ችንካር ያሳያል፤ ከበሩ ሰማንያ እርምጃ ይርቃል።

መዘውሩ ዞረ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ከዚያ ውኃው ከበሩ ሥር እንደ ግድግዳ ወጣ፤ ቡናማ፣ ከፊቱ አቧራና ጠጠር እየገፋ። ሽማግሌው ይቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ሲል ችንካሩ ጠፋ። አሥራ አራት ሲል መሰላሉ ቆሞበት የነበረው ጥግ ጠፋ። ቦዩ ሞላ። ነጩ ወለል አልነበረም።

ልጁ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ። ውኃውን አየ፣ ችንካሩ የነበረበትን አየ። ዞሮ ሞተሩን አየ፤ ሽፋኑ ላይ የተቃጠለ ጥቁር ምልክት አለ። ከዚያ መሬት ላይ የተኛውን ሰንሰለት አየ። አንዱ ቀለበቱ ተስቦ እንደ ጣት ረዝሟል።

«አባባ» አለ። «የዚያን ዕለት . . .»

«በር ሰባት፣ ዙር ሦስት» አለ አባቱ።

ልጁ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ ከክፍሉ ወጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ሦስቱም ውኃውን ሃያ ደቂቃ ሙሉ አዩት። በሃያኛው ደቂቃ በሩ ራሱ ወረደ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን አነሳ። ከጠበቀው በላይ ከበደው። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ወስዶ በመዘውሩ ላይ በቦታው ሰቀለው።

«በገጹስ ላይ?» አለች ምራቱ ከክፍሉ በር ላይ። «በማለፊያ ቃልዎ አለ ልበለው፣ አባባ?»

«አለ በዪው» አለ ሽማግሌው። «መልሶም ያንብብልሽ።»